ትል የበላው ፕላስቲክ

ኧረ ሰለቸን! እዚህ በአዲስ አበባ መካኒሳ፣ ከጀርመን አደባባይ እስከ አቦ ማዞሪያ ካሉት አዳዲስ ካፌዎች አንዱ ውስጥ ግቡ፤ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አስተናጋጁ ሳይሆን ከወለል እስከ ኮርኒስ በፕላስቲክ ቅጠል የተለበጠ ግድግዳ ነው። በቅጠሉ መሀል በሮዝ መብራት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል ይንቦገቦጋል። ከሥሩ ወረፋ ይዘው ፎቶ የሚነሡ ልጆች አሉ። መብራት ሲሄድ ቃሉ ይጠፋና ቅጠሉ አቧራውን እንደተሸከመ ብቻውን ይቀራል። ባለቤቱን «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኔቸር ነዋ! ሰው ተፈጥሮ ሲያይ ዘና ይላል።» ዘና እንደሚልማ እናውቃለን። በራፉ ላይ የነበረችው ወይራ ለመኪና ማቆሚያ ተብላ ስትቆረጥ ታዲያ ማን ዘና እንዲል ኖሯል?

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ቅጠሉ ራሱ ነው። ያዘዛችሁት ሻይ ሲዘገይ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋ ቡናማ ነው። ትል የበላው ነው! ፋብሪካው ከእውነተኛ ቅጠል ላይ ቅርጹን ሲወስድ የትሏንም ሥራ አብሮ ወስዶታል። ሁለተኛውን ቅጠል እዩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ያችው ቀዳዳ። ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም፣ ግድግዳው ሙሉ እንደዚያው። ትሏ አንዴ በልታ ሞታለች፤ ቀዳዳዋ ግን በኮንቴይነር ተጭና፣ ጅቡቲ ወርዳ፣ ቀረጥ ተከፍሎባት፣ መርካቶ ተራግፋ መካኒሳ ደርሳለች። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ እያወቅን፣ ትል ለበላው ቅጠል የውጭ ምንዛሪ እናወጣለን። እውነተኛ ትል የነካው ጎመን ከጉልት ሲሰጡን ግን «ይሄማ ተበልቷል» ብለን እንመልሳለን።

ነገሩ ካፌ ላይ ቢቀር ሻያችንን ጠጥተን እንወጣ ነበር። ቤታችን ድረስ ተከትሎን ገባ እንጂ። በረንዳው ላይ ሰው ሠራሽ ሣር፣ የደረጃው መደገፊያ ላይ የተጠመጠመ የፕላስቲክ ሐረግ፣ ወለሉ ላይ እንጨት መሳይ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ላይ ድንጋይ መሳይ ወረቀት፣ ቲቪው ጀርባ እብነ በረድ መሳይ ፒቪሲ፣ ሶፋው ቆዳ መሳይ ጨርቅ። ሁሉም ሌላውን ይመስላል፤ ራሱን የሚመስል ዕቃ ጠፋ። አንድ ወዳጄ ደግሞ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሙሉ ፏፏቴ አድርጎታል። የጢስ ዓባይ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ከየት አገር እንደሚወርድ የማይታወቅ፣ ዙሪያው ጥድ የበቀለበት ፏፏቴ ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከፏፏቴው ሥር ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ምሳ ሊቀርብ ሲል «እጃችሁን ታጠቡ» ተባልንና በጆግ እየተንጠባጠበልን ታጠብን። ፏፏቴው ፊት ለፊት!

ጽዳቱንስ ማን ያውራው? እውነተኛ ቅጠልን ዝናብ ያጥበዋል፤ ሲያረጅ ይረግፋል፣ ሌላ ይተካል። የፕላስቲኩ አይረግፍ፣ አይተካ። ከመንገዱ የሚነሣውን አቧራ፣ ከወጥ ቤት የሚመጣውን የሽንኩርት ዘይት ዓመት ሙሉ ሰብስቦ ይጠብቅና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተነቅሎ በሳፋ ውስጥ በኦሞ ይታሻል። ያንን የሚያሸው መቼም የገዛው ሰው አይደለም። በረንዳ ላይ ያለው ደግሞ ፀሐይ ሲመታው አረንጓዴው እየለቀቀ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሰማያዊ ሐረግ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ መካኒሳ ኑ፤ በየፎቁ ተንጠልጥሎላችኋል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የፕላስቲክ ቄጠማ! አበስኩ ገበርኩ! ቄጠማ የሚጎዘጎዘው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሲረገጥ ሽታው ይነሣል፣ ቤቱን ያረጥበዋል፣ የበዓሉን ጠዋት ከሌላው ጠዋት ይለየዋል፤ ሲደርቅ ከቡና አተላውና ከፈንዲሻው ጋር ተጠርጎ ይወጣል፣ ቤቱም ይታደሳል። የፕላስቲኩ ከዓመት ዓመት ረከቦቱ ሥር ተነጥፎ የፈሰሰውን ስኳር፣ የተበተነውን ፈንዲሻ፣ የልጅ ብስኩት ሳይቀር በጸጉሩ ውስጥ ያሳድራል። ከማጨሻው ላይ ፍም ጠብ ሲልበት ደግሞ ይቀልጥና ከዕጣኑ ጋር የተቃጠለ ፕላስቲክ እየሸተተን «ቡናው ቶና ነው፣ ድገሙ» እንባባላለን። አደይ አበባም አልቀረችልን። በመስከረም ብቅ ብላ ወር ሳትቆይ የምትሄድ አበባ ነበረች፤ የምትናፈቀውም ለዚያ ነው። አሁን ዓመቱን ሙሉ ፍሪጅ ላይ በብልቃጥ ቆማ ታፈጥብናለች። በሐምሌም አደይ፣ በየካቲትም አደይ። መስከረም ሲጠባ ምን እንናፍቅ?

ደግሞ እኮ አበባ የሌለው አገር አይደለንም። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥሎ ከአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱና ከዝዋይ የሚቆረጠው ጽጌረዳ በቦሌ በኩል ተጭኖ ሆላንድ ገበያ ይደርሳል። በዚያው ሰሞን በጅቡቲ ወደብ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ይገባልናል። እውነተኛው በአየር ይወጣል፣ ፕላስቲኩ በባሕር ይመጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። «እውነተኛ አበባ ይጠወልጋል፣ ኪሳራ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይጠወልጋል፤ መቼስ አበባ ነው!

የዲኮር ባለሙያዎቹን ነገር ካነሣሁ ደግሞ እሮሮዬ አያልቅም። ባለሙያው ሜትር አይዝም፣ እርሳስ አይዝም፤ ስልክ ይዞ ይመጣል። ሶፋው ላይ ይቀመጥና በአውራ ጣቱ እያሸጋገረ የዱባይ ሳሎን፣ የኢስታንቡል ሳሎን፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሳሎን ያሳያችኋል። «ሞደርን ይሁን ወይስ ኔቸር ፊል ይኑረው?» ይላል። መስኮታችሁ በየት በኩል እንደሆነ አይጠይቅም፤ የጠዋት ፀሐይ የት ድረስ እንደምትገባ አያይም። ባይሆን መጋረጃውን ከፈት አድርጎ ግቢውን ቢያይ ምን ነበረበት? እሱቴ! ጂፕሰሙን በሦስት እርከን አውርዶ፣ በውስጡ ቀለሙን የሚለዋውጥ መብራት ቀብሮ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ ቀርከሃ አቁሞ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኛም ጎረቤት ጠርተን እናስመርቃለን። ጎረቤትም አይቶ ያንኑ ያሠራል። በዚህ ዓይነት ከሳር ቤት እስከ ጀሞ አንድ ሳሎን ብቻ ቀረን፤ እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ የተሳሳተ በር ብታንኳኩ እንኳ እስክትቀመጡ አይታወቃችሁም።

ቅጠል መቅዳት ነውር ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የዓለም የቤት ጥበብ ብዙው ከቅጠል፣ ከግንድና ከአውሬ የመጣ ነው። የእኛዎቹም አክሱም ላይ ከአንድ ድንጋይ ወጥ ሐውልት ሲያወጡ የእንጨት ቤት አስመስለው ነው፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ የሚለው የእንጨት ጫፍ ሳይቀር ተቀርጿል። ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ገደማ ነው። እሱ እንጨት መሰለ ተብሎ ድንጋይነቱን አልካደም፤ ክብደቱንም፣ ቀለሙንም፣ መቻሉንም እንደያዘ ነው። የተቀዳው አሳቡ ነበር። የእኛ ዘመን ሥራ ግን ከእንጨት የሚወስደው ፎቶውን ብቻ ነው። ፎቶው ደግሞ ወለሉ ሲፋቅ አብሮ ይፋቃል።

እስቲ በመካኒሳ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስትሄዱ ከአጥር በላይ ብቅ የሚሉትን የቪላ ዓምዶች ልብ በሉ። ጫፋቸው ላይ የተጠቀለለ ቅጠል አለ፤ ሲሚንቶ ወይም ጂፕሰም በፎርማ ፈስሶ የወጣ። ይህ ቅጠል ታሪክ አለው። ቪትሩቪየስ የተባለው የሮም የሕንፃ ሊቅ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ እንደጻፈው፣ በቆሮንቶስ አንዲት ልጃገረድ ሞታ ሞግዚቷ የልጅቱን ዕቃዎች በቅርጫት አድርጋ መቃብሯ ላይ ታኖርና በላዩ ጡብ ትከድናለች። ጸደይ ሲመጣ ከቅርጫቱ ሥር የነበረው አካንተስ የሚባል ተክል ያቆጠቁጣል፤ ቅርጫቱን ያቅፋል፣ ከላይ ጡቡ ሲከለክለው ጫፉ ይጠቀለላል። ካሊማኮስ የተባለ ቀራጺ በዚያ ሲያልፍ ይህን ያይና ለዓምድ አናት ቅርጽ ያደርገዋል። ተረት ነው ቢባል እንኳ ቁም ነገር አለው፤ ሰውየው ያየው አካባቢው የበቀለውን ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የዚያ የአካንተስ የሥጋ ዘመድ አገራችን ይበቅላል። ኮሸሽላ ነው! ቅጠሉ እሾሃም፣ አበባው ፍም የመሰለ ቀይ፣ የኢትዮጵያ ብቻ ከሚባሉት ዕፅዋት አንዱ። በደጋው አገር ከአጥር ሥርና ከወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ውሃ አምጡልኝ፣ ፈረቃዬ ደረሰ የማይል ተክል ነው። ባለ ቪላው የግሪኩን ቅጠል በሲሚንቶ አስቀርጾ፣ ወርቃማ ቀለም አስቀብቶ፣ የገዛ አገሩን ኮሸሽላ «አረም ነው» ብሎ በዶማ ያስነቅለዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። በአንዱ ዓምድ ላይ እንኳ የእኛን ኮሸሽላ ከነአበባው የቀረጸ ግንበኛ ባይ ይህን ሁሉ ቃሌን ባነሣሁ።

የሚያሳዝነው መካኒሳ ሆነን ይህን ማለታችን ነው። ሌላ ሰፈር ቢሆን «አላዩም፣ አልሰሙም» ይባል ነበር። ዞማ ሙዚየም ያለው እዚሁ መካኒሳ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኪነ ጥበብ አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ይህ ቦታ በጭቃና በጭድ፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ ነው። ቦታው ቀድሞ የተበከለ፣ ማንም የማይመኘው መሬት ነበር። ኤልያስ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦና አዝራር እየሰበሰበ ከሩቅ ሲያዩት እርሻና ወንዝ የሚመስል ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ሥራው ቀርቧል። ዞማ ግድግዳ አጠገብ ቆማችሁ ጣታችሁን ብታሳልፉበት፣ ጭቃው ወጣ ገባ ብሎ የዛፍ ሥር ይሆናል፣ ይጠማዘዛል፣ ሞገድ ይሆንና ሌላ ቦታ ይጠፋል። ጭዱ ከውስጡ ብልጭ ይላል። አንዱ መስመር ሌላውን አይደግምም፤ በእጅ የተመረገ ነውና። ግቢው ውስጥ የሚበላ አትክልት ይበቅላል።

ታዲያ የሰፈሬ ሰው ዞማን አያውቀውም እንዳትሉ፤ ያውቀዋል። ሙሽራ ይዞ ፎቶ ለመነሣት ይሄዳል! ቬሎዋ ጭቃው ግድግዳ ፊት ሲታይ እንዴት እንደሚያምር አይቶ፣ «ዋው» ብሎ፣ ፎቶውን ፍሬም አስደርጎ፣ ከዚያ የሙሽሮቹን ቤት ድንጋይ መሳይ ወረቀት ያስለጥፋል። ፍሬሙንም እዚያው ወረቀት ላይ ይሰቅለዋል። ይህን ሳይ ምን ልበል?

«አንተ ደግሞ ጭቃ ቤት ግቡ ልትለን ነው?» የሚሉኝን ሰምቻቸዋለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ጭቃ ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ምርጊቱ በክረምት እየተገመሰ ይወድቅ ነበር፣ በማገሩ መሀል አይጥ ይሯሯጥ ነበር። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሴራሚክ ቢናፍቅ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ ቤት የተበላሸው በጭቃነቱ አይደለም። መሠረቱ ከመሬት ከፍ አላለም፣ ጣሪያው ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ አልከለለም፣ ለዓመታት የሚያድሰው አልነበረም። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በደንብ ከቆየና እግሩ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዕድሜ አለው። ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ብሎኬቱ ቤታችን ውስጥ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥ ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን። ጭቃ ባንገነባም ከጭቃው የምንማረው አይጠፋም ነበር፤ እኛ የተማርነው ማፈርን ብቻ ሆነ።

ሌላም ልጨምር። ሳባሃርም መካኒሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ፣ ጥጥና ሐር በእጅ አስፈትሎ በእጅ የሚያሸምን ድርጅት ነው። ሐሩ የሚገኘው ኤሪ ከምትባለው የሐር ትል ነው፤ ቀለቧም የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ! በየቦዩ ዳር፣ በየፈረሰው ግቢ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ጉሎ። የኤሪ ትል የምትሠራው ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ክሩ እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል፤ የእናቶቻችን እጅ ደግሞ ለእንዝርት እንግዳ አይደለም። ካፌው ግድግዳ ላይ ካለችው የሞተች ትል ይልቅ ይህችኛዋ አትሻልም? ቅጠል በልታ መጋረጃ ትሰጣለች። የእኛ መጋረጃ ግን ፖሊስተር ነው፤ ላዩ ላይ ቅጠል የታተመበት።

ፈርኒቸሩንም እንዳልተወው። ኤምዲኤፍ ላይ የዋንዛ መልክ ያለው ወረቀት ተለጥፎበት «ኦርጅናል ነው፣ ዋስትና አለው» ተብሎ ይሸጣል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ አንድ ሌሊት ሲያፈስበት ቁም ሣጥኑ ከሥሩ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሎ በሩ አልዘጋ ይላል። ደርቆ እንኳ ወደ ነበረበት አይመለስም። ዋንዛ ቢሆን ጠጥቶ ይደርቅ ነበር። በእርግጥ ዋንዛ ተመናምኗል፤ ሁላችን ዋንዛ እንቁረጥ ማለት ሌላ ጥፋት ነው። ቀርከሃስ? ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ሽፋኑ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሆነ ይነገራል። በእንጅባራና በሲዳማ የደጋው፣ በአሶሳ በኩል ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው ቀርከሃ አለ። በሦስትና አራት ዓመት ለሥራ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። እኛ ግን የምንለጥፈው የቀርከሃ መልክ ያለው ፒቪሲ ነው። ባለ ሱቁን «እውነተኛው የለም ወይ?» ብትሉት «እሱማ የገጠር ነው» ይላችኋል። የቻይናው ቀርከሃ የከተማ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ዶርዜዎች ያንን «የገጠር» ቀርከሃ ሽመና አድርገው እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ያቆሙበታል፤ ፊቱ የዝሆን ግንባርና ኩምቢ ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ያወጡታል፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ሐረሮች ግድግዳቸውን በስፌት ሲያለብሱ ጌጡና ዕቃው አንድ ነው፤ ሲፈለግ ይወርድና ይሠራበታል። የጅማው ወንበር ከአንድ ግንድ ከነእግሩ ይፈለፈላል፤ ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። በዚምባብዌዋ ሐራሬ ደግሞ ሚክ ፒርስ የተባለው አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1996 የተመረቀውን ኢስትጌት የተባለ ሕንፃ ሲነድፍ አሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው፤ ሕንፃው አየሩን በራሱ እያዘዋወረ ያለ መደበኛው የአየር ማቀዝቀዣ ይሠራል። ኩይሳ እኛም አገር ሞልቷል። እኛ ከኩይሳ አጠገብ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ አቁመን ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ እናራግባለን።

እህቴ የምትኖርበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሆነውን ልንገራችሁና ትንሽ ይውጣልኝ። አንዲት እናት ጄሪካን ለሁለት ቆርጠው በኮሪደሩ መስኮት ላይ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጠጅ ሣር ተክለው ነበር። ፎቁ ላይ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ «እማማ፣ አንድ ዘለላ ጤና አዳም» እያለ ይቀጥፋል፤ ደረጃውን ስትወጡ ሽታው ይቀበላችኋል። ኮሚቴው ስብሰባ ተቀመጠና «የሕንፃውን ውበት ያበላሻል» ብሎ ጄሪካኖቹ ይነሡ አለ። ከየቤቱ ብር ተዋጣ። በዚያው መስኮት ላይ ምን ቢቀመጥበት ጥሩ ነው? ነጭ የፕላስቲክ ማሰሮ፣ ውስጡ የፕላስቲክ አበባ! እኚያ እናት አዋጡ የተባሉትን ከፍለው፣ ጤና አዳማቸውን አልጋቸው አጠገብ ወስደው አኖሩት። አሁን ፎቁ ሁሉ ቡና ሲያፈላ በራቸውን ያንኳኳል፤ ኮሚቴውም ጭምር።

ይህን ሁሉ ስናደርግ እውነተኛዋ ተፈጥሮ ከጓሯችን የት ደረሰች? ትንሹ አቃቂ በመካኒሳ በኩል ያልፋል። በወንዙ ዳር ለዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እያመረቱ ለከተማው ያቀረቡ አትክልተኞች አሉ። ውሃው ግን የፋብሪካ ፍሳሽና የየቤታችንን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ካፌው አሮጌ የፕላስቲክ ቅጠሉን በአዲስ ሲለውጥ አሮጌው የት ይሄዳል ብላችሁ ነው? በክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰማያዊ ሐረጎች ቁጥቋጦው ላይ ተጠምጥመው ይታያሉ። ተፈጥሮን አስመስሎ የመጣው ዕቃ ዞሮ ዞሮ እሷኑ አነቃት።

ከልክ ያለፈ ጥያቄ የለኝም። የካፌ ባለቤቶች፣ አንድ እውነተኛ ዛፍ በራፋችሁ ላይ ተዉልን፤ ጥላው ሥር ሁለት ወንበር አውጡ፣ እኛ ራሳችን መጥተን ዘና እንላለን። የዲኮር ባለሙያዎች፣ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱ፣ ከዚያም ዞማ ግቡ፤ ሩቅ አይደለም። አናጢዎች፣ ቀርከሃ ሞክሩ። ኮሚቴዎች፣ ጤና አዳምን ተዉት። ለቡናችን ቄጠማ ካጣን ባዶ ወለል ይበቃናል፤ በባዶ ወለል የፈላ ቡና ማንንም አላሳፈረም።

ይሰማኛል ብዬ አይደለም። ሰሞኑን አከራዬ ሽንኩርትና ቃሪያ የነበረባትን ትንሽ መደብ በኮንክሪት ሞልቶ ሰው ሠራሽ ሣር አነጠፈባትና «ግቢው አረንጓዴ ስለሆነ ኪራዩ ላይ ትንሽ እንነጋገር» አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ እንደ ልብ እንደማይጨመር ባስታውሰው፣ «ኪራዩን መች ጨመርኩ? የሣሩን ነው እንጂ» ብሎኝ እርፍ!